የሐጅ መርዙቅ ዓሣና የድግሱ ጎላ

ኩዌት፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1987

በአዛኙ በአላህ ስም።

ለተከበርሽው ለአክስቴ ለራቲባ፤ ቁሰይር፣ ከወደቡ ኋላ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት።

ሰላምታዬ ከሩቅ ቢመጣም መንገድ ላይ አይቀዝቅዝብሽ። አንቺም፣ አጎቴ ማሕሩስም፣ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ደኅና ናችሁ ወይ?

አክስቴ፣ ከኩዌት እስከ ቁሰይር ባለው አገር ሁሉ እንደ እኔ ብዕር የጨበጠ ሰው የለም። የማታ ትምህርት ቤቱ ኡስታዝ ኒዳል ሠላሳ አንድ ወንድ አስተምሮ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ሠላሳ አንድ የነበርነው ስንጀምር ነው። ፈተናው ላይ የተገኘነው ስድስት ነን። ከስድስቱም አንዱ ጥርሱን ታሞ ነበር። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ጥርስ አይጻፍም።

ይህ ጽሑፍ የገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት የደረሰሽ ሁሉ የወጥ ቤቱ የሙርሲ እጅ ነበር። ሙርሲ ደግሞ የነገሩትን አይጽፍም፤ የጣመውን ነው የሚጽፈው። «ናፍቆታችሁ እንደ እሳት ፈጀኝ» የሚለው ሁሉ የእሱ ነው። እኔ ያልኩት «ሙቀቱ በዛ» ነበር። ያንቺንም መልስ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብልኝ። ከእንግዲህ ግን በአንቺና በእኔ መካከል ሌላ ምላስ የለም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሐጅ መርዙቅ፣ ጌታዬ፣ ለልባቸው ሕክምና ውጭ አገር ሄደዋል። በዕንቁ ዘመን የመርከብ አለቃ የነበሩ ሰው ናቸው። ባሕሩን ትተው ከወጡ በኋላ የባሕሩን ቁራጭ ዲዋኒያ በሚሉት እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ አስገቡት፤ ዲዋኒያው ግድግዳ ላይ አራት ሜትር የሚሆን የመስታወት ገንዳ አሠሩ። ውሃውን በቦቴ ከባሕር እናመጣለን። የዚያ ገንዳ ጠባቂ እኔ ነኝ። ውስጡ አንድ የባሕር አበባ አለ፤ ጣቶቿን ዘርግታ የምትበላ፣ ሥጋ ያላት አበባ። በጣቶቿ መሃል ባለ ነጭ ዝንጉርጉር ሁለት ዓሦች ይኖራሉ፤ «ሙሽሮቹ» እንላቸዋለን። ሽሪምፖች አሉ። ከሁሉ በላይ ግን መስዑድ አለ። መስዑድ ሃሙር የሚባል ዓሣ ነው፤ የእኔን ክንድ ያህላል። በዚህ አገር ሃሙር ያየ ሰው ሁሉ ሩዝ ነው የሚያስበው፤ እሱ ግን አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ከሽማግሌው እጅ ይበላል። ሌላ ሰው እጁን ቢያስገባ ፊቱን ያዞራል። እኔን ጨምሮ።

ልጃቸው ባራክ ትናንት ጠራኝ። «ሸሓታ፣ አባቴ ሲመለሱ ይህ የጠቆረ ጠጠር፣ ይህ ያረጀ ድንጋይ ወጥቶ፣ ገንዳው እንደ አዲስ ቤት ነጭ ሆኖ ይጠብቃቸው» አለኝ። እኔም «በዓይኔ ላይ!» ብዬ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ነው የፈራሁት። ያ ጠጠር አሥራ አንድ ዓመት አልተነካም። አንድ ጊዜ በእንጨት ብነካካው ከሥሩ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ወጣ። መስዑድ ቢሞት ሽማግሌው ከሐኪም ቤት ወደ ሐዘን ቤት ነው የሚመለሱት፤ የእኔም እንጀራ እዚያው ላይ ያበቃል።

ስለዚህ አጎቴን ጠይቂልኝ። ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ በሕይወት ይዞ ወደብ ያደረሰ ሰው ነው። ኖሮበት የለመደውን ቤት ከሥሩ እየቀየሩ ዓሣን በሕይወት ማቆየት እንዴት ነው?

እጅሽን የምስም ልጅሽ፣ ሸሓታ
(በገዛ እጁ)

---

ቁሰይር፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1987

ዓይኔን ላበራው ለልጄ ለሸሓታ። አላህ እጅህን ከድካም፣ አፍህን ከራሱ ይጠብቅልህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ቤት ደርሼ ደገምኩት። ፊደልህ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ቢሄድም ከቤቱ ደርሷል። ግን አንተን ለማመን ቸኩዬ የተጠቀምኩበት ጊዜ ስለሌለ ልፈትንህ። እውነት ሙርሲ ከጎንህ ከሌለ፣ ልጅ ሆነህ ከጀልባው የወደቅህ ቀን አጎትህ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። ያንን ለሙርሲ እንዳልነገርከው አውቃለሁ፤ ታፍርበታለህ።

ስለ ዓሣው አጎትህ እንዲህ ይላል። የድሮውን ውሃ አትድፋ፤ ዓሣ የሚያውቀው ያንን ነው። ጠጠሩን ባንድ ቀን አታውጣ፤ ዛሬ አንድ ጥግ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጥግ። ከድሮው ጠጠር ጥቂቱን ሳታጥብ አቆይ፤ አንተ ቆሻሻ የምትለው የቤቱ እርሾ ነው። ድንጋዩን ጨው በሌለው ውሃ እንዳታጥብ። ስትቆፍር ደግሞ ዓሣው ውስጡ አይኑር፤ ያ የምትለው ሽታ ገዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክም፤ ዓሦቹን አውጥተህ በምን ዕቃ ልታቆያቸው ነው? እሱን ቶሎ ንገረኝ።

ባለፈው ራዲዮ ላክልኝ ብዬህ ነበር፤ ተወው። ይልቅ ውሃ የማያሳልፍ ሰፊ የጎማ አንሶላ ካገኘህ፣ ከተቻለም እንደ ጀበና አፍ ያለው የመጠጫ ኩባያ ላክልኝ። ለጎረቤት አሮጊት ነው።

ዶሮዎቹ ደኅና ናቸው። አጎትህ ሰላም ይልሃል።

አክስትህ ራቲባ

---

ኩዌት፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1987

በአዛኙ በአላህ ስም።

ለአክስቴ ለራቲባ፤ ጤናሽ እንደ ጥር ባሕር የረጋ ይሁን።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ብቻዬን ጣሪያ ላይ ወጥቼ አነበብኩት። ሙርሲ ከታች ሆኖ «ምን አለች? ምን አለች?» ሲል፣ «ሰላም ብላሃለች፤ ወጥህ ጨው ይበዛዋል ብላለች» አልኩት።

ፈተናሽን ልመልስ። ከጀልባው የወደቅሁ ቀን አጎቴ በአንገቴ ይዞ አወጣኝና፣ «ባሕሩ ራሱ ወሬህ ሰልችቶት መለሰህ» አለኝ። ይኸው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የአጎቴን ምክር ለባራክ ነገርኩት። «በየሳምንቱ አንድ ጥግ? አባቴ ኖቬምበር 12 ይገባሉ። ሐሙስ ተጀምሮ እዚያው ሐሙስ ያልቃል» አለኝ። ተከራከርኩ። ግማሹ የድሮ ጠጠር እንዲቀር፣ ድንጋዩም በባሕር ውሃ ብቻ እንዲታጠብ አስማማሁት። ከሀብታም ልጅ ጋር ተከራክሮ ግማሽ ያተረፈ ሰው እኔን አየሽ።

ስለ ዕቃው አትጨነቂ፤ እዚህ ላይ ነው የእኔ ጭንቅላት የታየው። ባራክ ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቶ መጣ። እኔ ግን «ጌታው፣ የአባትህ ዓሣ እንደ ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ይጣላል? ሰው ቢሰማስ?» አልኩት። አፈረ። እኔ ነኝ የቤቱን የድግስ ጎላዎች ያሰብኩት። ሁለት ናቸው፤ ያያቶቻቸው የመዳብ ጎላዎች። በትልቁ ባራክ ሲዳር ለሦስት መቶ ሰው ሩዝ ተቀቅሎበታል፤ መስዑድ ውስጡ መዞር ይችላል። ትንሹ ለሙሽሮቹና ለባሕር አበባዋ ነው። ጥላሸት ስለነበረባቸው ከሙርሲ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ በሎሚና በአሸዋ ፈተግናቸው። ሙርሲ «ፊደል ተማርክ ተብሎ አሁን ደግሞ ለዓሣ ድስት ታሳጥበኛለህ?» እያለ ሲያጉረመርም ነበር። የውስጡ ነጭ ቅብ እየለቀቀ ቀዩ ወጣ። አሁን እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ባራክ ራሱ አይቶ ሳቀ።

የጎማ አንሶላውን ገበያ አይቻለሁ። ግን የትኛዋ አሮጊት ናት? ጎረቤታችን ሐጃ ኒዕማት ከሞተች አራት ዓመቷ አይደለም?

ሥራው ሐሙስ ኖቬምበር 5 ይጀመራል። ዱዓ አድርጊልኝ፤ አጎቴም ያድርግልኝ።

አንደኛው ልጅሽ፣ ሸሓታ

---

ቁሰይር፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1987

ልጄ ሸሓታ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ሐሙስህ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ቴሌግራም ላደርግ ተነሥቼ መልሼ ተቀመጥኩ፤ ያለፈን ሐሙስ የሚያስቆም ቴሌግራም የለም።

ቢሆንም ልጻፈው። መዳብና የባሕር ውሃ አይዋደዱም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት አጎትህ ለማጥመጃ የሚሆን ቅርጫት ሙሉ ሸርጣን በሕይወት አምጥቶ ነበር። እኔ ጎበዝ ሚስት ልባል ብዬ፣ ከእናቴ ቤት ያመጣሁትን አዲስ የመዳብ ድስት ፈትጌ፣ በባሕር ውሃ ሞልቼ ሸርጣኖቹን ጨመርኳቸው። በማግሥቱ ውሃው አረንጓዴ፣ ሸርጣኑ ሁሉ በጀርባው። ስለዚህ ነው በምን ዕቃ ልታቆያቸው ነው ብዬ የጠየቅሁህ። የወጥ ቤት ሰው ቢፈትገው ይብሳል፤ ያ ነጭ ቅብ እኮ መዳቡን ከውሃው ሊለይ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

አጎትህ ቢናገር ኖሮ አንዲት ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ግን ጠየቅሁህ እንጂ አልነገርኩህም።

ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። ሳታሳምር።

ራቲባ

---

ኩዌት፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1987

ለአክስቴ ለራቲባ፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ኡስታዝ ኒዳል «ደብዳቤ ራስም ጅራትም ይኑረው» ይለናል፤ የኔው መሃል ብቻ ነበረው።

ሐሙስ ከንጋት ሶላት በኋላ ጀመርን። መስዑድን በመረብ ሳልነካ በትልቅ ከረጢት ከነውሃው አወጣሁት። ሙሽሮቹን፣ አበባዋን ከነድንጋይዋ፣ ሽሪምፖቹን ትንሹ ጎላ ውስጥ አደረግሁ። የአየር ቱቦ ለሁለቱም ሰጠሁ። እስከ ቀትር ይመለሳሉ ብዬ ነበር። ግን ጠጠሩ ሲነሣ ሽታው ሰውን ከዲዋኒያው አስወጣ፤ ከዚያ ባሕር ውሃ የሚያመጣው ቦቴ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የደረሰው።

ከመስጊድ ስመለስ የትንሹ ጎላ ውሃ የናና ሻይ መስሏል። የባሕር አበባዋ ቀልጣለች፤ አበባ ሳይሆን የታጠበ ሳሙና ነበር የምትመስለው። ሽሪምፖቹ ነጭ ሆነው ከሥር ተዘርረዋል። ሙሽሮቹ እስከ ማታ አልቆዩም። መስዑድ ጎላው ሰፊ ስለነበር ተረፈ፤ ግን መልኩ ገረጣ፣ እንደ ደከመ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ይተነፍስ ነበር። በአዲሱ ነጭ ጠጠር ላይ መለስኩት። ከኋላ ጥግ ገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብ አልነካም።

ሐጅ መርዙቅ ኖቬምበር 12 ገቡ። ዲዋኒያው እንግዳ ሞልቶ ነበር። ሰውን ሁሉ ሰላም ብለው ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዱ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እንደ ድሮው በጣታቸው ሰርዲን ይዘው፣ እጃቸውን እስከ ክርን ከተቱ። ቆዩ። መስዑድ አልመጣም።

«ሸሓታ፣ ሙሽሮቹስ?» አሉኝ።

«ሄዱ፣ ሐጂ።»

«ዓሣ ወዴት ይሄዳል? ፓስፖርት አለው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሥራው ሲሠራ በምን ነበር ያቆያችኋቸው?»

«በጎላ፣ ሐጂ። በመዳቡ።»

«ማን ነው መዳብ ያለ?»

እኔም ጌታው ባራክ ናቸው አልኳቸው። ያዘዘው ባራክ ነው፤ ቤቱም፣ ጎላውም፣ ሐሳቡም የእሱ ነው። ባራክ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልተናገረም። በዚህ አገር ልጅ በእንግዳ ፊት ከአባቱ ጋርም ከሠራተኛም ጋር አይከራከርም፤ ደግሞ ጥፋተኛ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሽማግሌው፣ «የመርከብ ሰው ወልጄ መዳብ አያውቅም። ከዲዋኒያዬ ይውጣ» አሉ። ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማው በራችን ላይ ታይቶ አያውቅም።

እሳቸው በየቀኑ እጃቸውን ይከታሉ፤ መስዑድ በየቀኑ ግድግዳውን ያያል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «አጎትህ ቢናገር ኖሮ» ብለሻል። ይህ ምን ማለት ነው? አሁን የሚያነብልኝ ሰው የለም፤ የምታመልጠኝም ቃል የለችም። የጎማ አንሶላው የማን ነው?

ሸሓታ

---

ቁሰይር፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1987

ልጄ ሸሓታ፣ አላህ ልብህን ያጽናልህ። ተቀምጠህ አንብበው።

አጎትህ የዓረፋ በዓል ሦስተኛው ቀን ጠዋት መረቡን ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አይሰማውም። ምላሱም ታሰረ። ይሰማል፣ ይበላል፣ ያለቅሳል፤ አይናገርም። አሁን አራት ወር አለፈው። አንሶላው የእሱ ነው፤ ኩባያውም።

ያልነገርኩህ በሙርሲ አፍ እንድትሰማው ስላልፈለግሁ ነው። ያጎትህን ሽንት በሠራተኞች ክፍል መሃል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበው ነበር። እዚያ ያሉት የቁሰይር ሰዎችም በሳምንቱ ለሚስቶቻቸው ይጽፉት ነበር፤ እሱ ደግሞ ኩሩ ሰው ነው። ፊደል ጀመርኩ ስትል ጊዜ፣ እስኪያነብ ልቆይ አልኩ። ካነበብክ በኋላም ፈራሁ። ምክሩ ሁሉ የእኔ ነው። አርባ ዓመት ዓሣ ሲያወርድ አብሬው ቆሜ ያየሁትን ነው የጻፍኩልህ። እሱ ይላል ያልኩህ እኔ ብልህ ስለማትሰማኝ ነው።

ይኸው የእኔ። አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

የኖቬምበሩ ደብዳቤህ ትራሴ ሥር ነው። «እኔ ነኝ የቤቱን የድግስ ጎላዎች ያሰብኩት» ይላል። «ባራክ ሁለት ትልልቅ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቶ መጣ» ይላል። በገዛ እጅህ። የዲሴምበሩ ደግሞ «ሐሳቡም የእሱ ነው» ይላል፤ እሱም በገዛ እጅህ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። በአፍ ሲነገር ነፋስ ይወስደዋል ልጄ፤ የጻፉት ግን ተቀምጦ ይጠብቃል። ይህን ኡስታዝህ አላስተማረህም?

አንድ ልጅ በእንግዳ ፊት ከአባቱ ቤት ተባሮ ወጥቷል። ዝም ያለው ጥፋተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ያሳደጉት ልጅ ስለሆነ ነው። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ስለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የቀደድከው።

አጎትህ አንዲት ቃል ለማውጣት ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይታገላል። አንተ ቃል ተርፎህ ትዋሽበታለህ።

አንሶላውን ብትልክም ባትልክም ግድ የለኝም፤ ወደቡ ላይ ፈልጌ አገኛለሁ። ገንዘብም አልፈልግም። ለሽማግሌው ንገራቸው። ከነገርካቸው በኋላ ጻፍልኝ፤ በፊት አትጻፍ።

እናትም አክስትም የሆንኩህ ራቲባ

---

ኩዌት፣ ዲሴምበር 29 ቀን 1987

በአዛኙ በአላህ ስም።

አክስቴ፣

ለአጎቴ በግራ ጆሮው በኩል ሰላም በይልኝ፤ በደንብ የሚሰማው በየትኛው እንደሆነ አልጻፍሽም እንጂ። ደብዳቤሽን ጣሪያው ላይ አነበብኩት። ሙርሲ ሊጠራኝ ወጥቶ ፊቴን አየና ምንም ሳይጠይቅ ወረደ። በሕይወቱ ያልጠየቀበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ትራስሽ ሥር ያለው እውነተኛው ነው። ጎላውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። በርሜሎቹን በነገር ያስቀረሁት እኔ ነኝ። የፈተግሁትም እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ጎላው ሲያበራ አይቶ «የማን ሐሳብ ነው?» እንዲል ነበር የፈለግሁት። ሲሉኝ ግን የእኔ ማለት አልቻልኩም።

ነግሬያቸዋለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ እንግዳ ገና አልመጣም። ሐጅ መርዙቅ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል። መስዑድ ከሳምንት ወዲህ ገንዳው ወለል ላይ የሚጥሉለትን መብላት ጀምሯል፤ ወደ እጅ ግን አይቀርብም። አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«ሐጂ፣» አልኩ፣ «መዳብ ያልኩት እኔ ነኝ። ጌታው ባራክ በርሜል ገዝተው ነበር። በርሜሎቹ ከግምጃ ቤቱ ኋላ ናቸው፤ የፋብሪካው ወረቀት አልተላጠላቸውም። በሰው ፊት ዋሸሁባቸው።»

  ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ሃያ የዕንቁ ጠላቂ ይዤ ወጥቼ አሥራ ዘጠኝ ይዤ የገባሁ ሰው ነኝ። ስለ ሃያኛው ማንም አልጠየቀኝም። እኔም በዓሣ አልጠይቅህም» አሉኝ።

በማግሥቱ የባራክ ጫማ ዲዋኒያው በር ላይ ነበር። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፤ ስለ መኪና ጎማ ነበር የሚያወሩት። እኔ ሻዩን ሳቀርብ ባራክ ቀና ብሎ አላየኝም። ማታ ገንዳው ጋ መጥቶ፣ «ና፣ አሳየኝ» አለኝ። አሳየሁት። የቀረውን የድሮ ጠጠር በወንፊት ከረጢት አድርጌ ከአዲሱ ሥር እንደቀበርኩት፤ ውሃው በአንድ ጊዜ ከአንድ ባልዲ በላይ እንደማይቀየር፤ አሁን አንድ ጥግ፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጥግ መሆኑን ነገርኩት። እጁን በፎጣ እየጠረገ፣ «ከአንተ የተማርኩት ዋናው ነገር አንድ ነው ሸሓታ፤ አንተ አምሯል ያልከውን መፍራት» አለኝ። ይገባኛል። 

ትኬት ሰጥተውኛል። ለጃንዋሪ 11 ነው፤ እስከ ካይሮ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ትኬቱ መሄጃ ብቻ ነው። ዕረፍት ይሁን ስንብት ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አንሶላውን ሁለት ገዝቻለሁ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲነጠፍ። አፍ ያለው ኩባያ ከመድኃኒት ቤት አገኘሁ፤ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ስመጣ ሌሊት ሌሊት አንቺ ተኚ፤ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። መናገር ባይችል እኔ ለሁለታችን የሚበቃ ወሬ አለኝ፤ ሲሰለቸው በግራ እጁ ይምታኝ።

ደብዳቤውን ልዘጋው ብዬ ነበር። ኡስታዝ ኒዳል «ሳትልከው መልሰህ አንብበው» ስለሚለን አነበብኩት። አንድ ነገር የራሴ አለበት፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

ስለ ሃያኛው ጠላቂ ሐጅ መርዙቅ አልነገሩኝም። ጠላቂ ጠፍቶባቸው እንደሆነም አላውቅም። ያን ስጽፍ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ፤ ቢሉኝ ብዬ የተመኘሁት ነው። እሳቸው የእኔን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ እጃቸውን ከውሃው አወጡ፤ ጣት በጣት በፎጣ አደረቁ፤ ሹፌሩን ጠርተው ወደ ባራክ ላኩትና ወደ ውስጥ ገቡ። ለእኔ ምንም አላሉም።

ሸሓታ